አፍ የሌለው ተክል መርዝ ሲደርስበት

ተማሪ ሳለን ነው። የኬሚስትሪ ሙከራችንን ጨርሰን ስናበቃ በየብርጭቆው የተረፈውን ሰማያዊ ውሃ የምንደፋበት አጣን። ውሃው የመዳብ ጨው፣ ማለት ኮፐር ሰልፌት የሟሟበት ነው። የማጠቢያው ገንዳ ተደፍኖ ስለ ነበረ ከመካከላችን አንዱ መስኮቱን ከፈተና ከግድግዳው ሥር በተተከለው አበባ ላይ ገለበጠው። እኛም «ተው» አላልነውም፤ ይልቁንም የየራሳችንን አከልንበት። በየሳምንቱም ይህንኑ ልማድ አደረግነው።

ብዙም ሳይቆይ የአበባው ቅጠል ቢጫ መሰለ፤ ቀጥሎ ጫፍ ጫፉ ጠቆረ፤ በመጨረሻም እንደ ቆመ ደረቀ። የግቢው አትክልተኛ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ብርጭቆውን በእጃችን እንደ ያዝን በመስኮቱ በኩል አገኙን።

«ልጆቼ፣ አፍ የላቸውም ብላችሁ ነው ይህን የምታጠጧቸው? አፍ ባይኖራቸውም እኮ ይሰማቸዋል» አሉን።

«አባባ፣ ባናውቅ ነውና ይቅር ይበሉን» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። አበባው በደረቀበት ቦታ ላይ ሰርዶው ለምልሞ ወጣ። አፈሩ አንድ፣ መርዙም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲሞት ሌላው ስለ ምን ዳነ? ሽማግሌው «ይሰማቸዋል» ያሉትስ እውነት ነውን? ይህ ጥያቄ ትምህርታችንን ከጨረስን በኋላም አልለቀቀንም። የሳይንስ ሊቃውንት በጉዳዩ የጻፉትን ስናነብ ግን ሽማግሌው ካሰቡት በላይ እውነት መናገራቸውን ተረዳን። ተክል መርዝ ሲነካው ከመሰማትም አልፎ ወሬውን ከሥር እስከ ቅጠል ያስተላልፋል፤ ወሬው በጊዜ ከደረሰ ይድናል፤ ከዘገየ ይሞታል። ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው የዚህን ወሬ ታሪክ ነው። ከመጨረሻው ላይ ግን የተክሉ መዳን ለኛ ለበላተኞቹ ሁልጊዜ መዳን እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር ስላለ፤ እስከዚያው ድረስ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

የሰርዶው ዓይነት ጥያቄ ከኛ በፊትም የተጠየቀ ነው። በ1952 ብራድሾው የተባለው እንግሊዛዊ የዕፀዋት ሊቅ በዌልስ አገር በአንድ በተተወ የእርሳስ ማዕድን ቦታ ላይ የበቀለውን ሣር መረመረ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያው የሣር ዓይነት በአካባቢው በሚገኘው ንጹሕ የግጦሽ መሬት ላይም ይበቅላል። ሊቁ ሁለቱንም ወስዶ በማዕድኑ አፈር ላይ ቢተክላቸው የግጦሹ ሣር ሞተ፤ የማዕድኑ ሣር ግን አደገ። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ዕድሉ ግን ልዩ ልዩ ሆነ። እንግዲህ ልዩነቱ በውስጥ ነው ማለት ነው።

ሌባው በዘመድ ልብስ

ከባድ ብረቶች የሚባሉት እነ መዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስ፣ ባዜቃና ካድሚየም ናቸው። ከነዚህ መካከል መዳብና ዚንክ በጥቂቱ ሲሆኑ ለተክል አስፈላጊዎች ናቸው። ነገሩ እንደ ወጥና እንደ ጨው ነው፤ ሲያንስ አይጥምም፤ ሲበዛ አይበላም። እርሳስ፣ ባዜቃና ካድሚየም ግን ለእርሻ ተክሎቻችን የሚሰጡት ጥቅም አልተገኘም።

ጥቅም ከሌላቸው ሥር ለምን ያስገባቸዋል? ብለን እንጠይቅ ይሆናል። መልሱ ሥር ስለሚታለል ነው። ሥር ውሃን እንደ ወንፊት ዝም ብሎ የሚያሳልፍ አይደለም፤ ብረትን፣ ዚንክንና ማንጋኒዝን እየመረጡ የሚያስገቡ በሮች አሉት። ካድሚየም ደግሞ በመጠኑም በጠባዩም ለነዚህ ይቀርባል። ስለዚህ የዘመድ ልብስ ለብሶ እንደ መጣ ሌባ በዚያው በር ይገባል። ከገባም በኋላ ዚንክ ሊቀመጥበት በሚገባው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የድኝ ንጥረ ነገር ያለባቸውን የፕሮቲን ክፍሎች ጨብጦ ሥራቸውን ያስፈታቸዋል። የሥሩ ጫፍ ይጠቁራል፤ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ያጣል፤ ተክሉም ይቀጭጫል።

በሬ ያልተስማማውን ሣር አሽትቶ ያልፋል፤ ሰውም ያልተስማማውን ቀዬ ለቆ ይሄዳል። ተክል ግን ዘሩ በወደቀበት ይኖራል፤ በዚያው ይሞታል። ታዲያ የማይሸሽ ፍጡር ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ እርሱም ጠላቱ ከጓዳ ሳይደርስ መንቃትና ቤተሰቡን ሁሉ መቀስቀስ ነው።

ከኮረብታ ወደ ኮረብታ

በገጠራችን አንድ ሰው አደጋ ሲያይ ከኮረብታው ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ጩኸቱን የሰማ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያሰማል፤ እንዲህ እየተባለ ወሬው እግረኛ ከሚደርስበት ጊዜ ቀድሞ ከአገር አገር ይደርሳል። በተክልም ሕዋስ ውስጥ የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል።

የመጀመሪያው ጯኺ ካልሲየም ነው። አጥንታችንን የሚያጠነክረው ይኸው ካልሲየም በሕዋሱ ውስጥ እንዲያንስ ሁልጊዜ ይጠበቃል፤ ከሕዋሱ ውጭ ካለው ጋር ሲነጻጸር በሺህ የሚቆጠር እጅ ያነሰ ነው። መርዘኛ ብረት ሥሩን ሲነካ የካልሲየም በሮች ይከፈቱና ካልሲየም በድንገት ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ትንሽ ኮሽታ እንደምትሰማ ሁሉ፤ ቀድሞ ካልሲየም ባልነበረበት ቦታ ጥቂት ካልሲየም ሲገባ ወዲያው ይታወቃል። ይህን የሚጠባበቁ ልዩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ካልሲየሙን ጨብጠው ሥራቸውን ይጀምራሉ።

ይህ ጥሪ ምን ያህል እንደሚፈጥን በዐይን ታይቷል። በ2014 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ካልሲየም ሲበዛ የሚያበራ ፕሮቲን ያላትን አንዲት ትንሽ ተክል አሳድገው የሥሯን ጫፍ በጨው ውሃ ነኩት። የካልሲየሙ ማዕበል ከሥር ተነሥቶ ወደ ቅጠሉ አቅጣጫ በሰከንድ እስከ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ሲጓዝ አዩት። ሙከራው የተደረገው በከባድ ብረት ሳይሆን በተራው ጨው ነው። ቢሆንም ነርቭ የሌለው ፍጡር በሥሩ የደረሰበትን በደቂቃዎች ውስጥ ለቅጠሉ ሊያስታውቅ እንደሚችል አሳይቶናል።

ሁለተኛው ጯኺ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው። ይህን ስም የማያውቅ ቢኖር በክሊኒክ ቁስል ሲጠረግ አረፋ የሚያወጣውን ውሃ ያስታውስ። ተክሉ ሲደነግጥ ይህንኑ በገዛ ራሱ ሕዋስ ይሠራል። በጥቂቱ ሲሆን መልእክተኛ ነው፤ ሲበዛ ግን የሕዋሱን ሽፋን ያቃጥላል። ስለዚህ ተክሉ በአንድ እጁ እየሠራ በሌላ እጁ ያጠፋዋል። ጥሩምባውን የሚነፋም ድምፁን የሚቀንስም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥሪውን የሚቀባበሉት ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ሁለተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን፤ እንዲህ እያለ መልእክቱ የዘር ትእዛዝ ከተጻፈበት ከሕዋሱ ማዕከል ይደርሳል። በ2004 የታተመ አንድ ምርምር በአልፋልፋ ችግኝ ላይ እነዚህን ተቀባባዮች መርምሮ ነበር። መዳብ ሲጨመርበት አራት ካይኔዞች በፍጥነት ነቁ። ካድሚየም ሲጨመርበት ግን እነዚያው አራቱ የነቁት ዘግይተው ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። መዳብ በር ሰብሮ እንደሚገባ ወንበዴ ነው፤ ወዲያው ይታወቅበታል። ካድሚየም ግን ባዶ እግሩን የሚገባ ሌባ ነው። የካድሚየም ክፋቱ በመርዝነቱ ብቻ ሳይሆን በዝግታውም ነው።

ድር ቢያብር

ጥሪው ከደረሰ በኋላ ምን ይደረጋል? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በተክል ሕዋስ ውስጥ ቃል በቃል ሲፈጸም እናያለን።

በ1985 በጀርመን አገር በሙኒክ ግሪል፣ ዊናከርና ሴንክ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የደም ግፊት መድኃኒት ከሚገኝበት ከአንድ የሕንድ ተክል የተወሰዱ ሕዋሶችን በማሳደጊያ ውስጥ አኑረው ካድሚየም ጨመሩባቸው። ሕዋሶቹም ቀድሞ ያልነበረ አንድ ነገር ሠሩ። ይኸውም ግሉታታዮን ከሚባለው ትንሽ ንጥረ ነገር የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። ሊቃውንቱ ፋይቶኬላቲን ብለው ሰየሙት። በሰንሰለቱ ላይ ድኝ ያለባቸው ቀለበቶች በተርታ ተሰክተዋል። ካድሚየም ድኝን መጨበጥ እንደሚወድ ቀደም ብለን ተናግረናል። አሁን ግን የጨበጠው የሕዋሱን ሠራተኛ ሳይሆን ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀውን ወጥመድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ወጥመዱ የሚሠራበት መንገድ ነው። ሰንሰለቱን የሚቀጣጥለው ኢንዛይም በሕዋሱ ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሥራውን የሚጀምረው ብረቱ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ሌባው ራሱ ደወሉን ደወለ ብንል አልተሳሳትንም። በ1999 ሦስት የተለያዩ የተመራማሪዎች ቡድኖች ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ጂን አገኙት። ጂኑ የተበላሸባት ተክል ሰንሰለቱን መሥራት ስለማይቻላት ሌሎቹ በሚችሉት ካድሚየም ትሞታለች።

የታሰረው እስረኛ ደግሞ በቤት መካከል አይቀመጥም። በተክል ሕዋስ ውስጥ ቫኩዮል የሚባል ሰፊ የውሃ ከረጢት አለ፤ እንደ ጎተራም እንደ ወህኒ ቤትም ያገለግላል። በግድግዳው ላይ ያሉ አስተላላፊዎች ሰንሰለቱን ከነእስረኛው ተቀብለው ወደ ውስጥ ይጥሉታል። እዚያ ሲዘጋበት ከሕዋሱ ሥራ ጋር አይገናኝም። ተክሉ መርዙን አላጠፋውም፤ ብረት አይጠፋምና። የሚጎዳበትን ቦታ ብቻ አሳጣው። ይህችን ነገር አንባቢያችን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ሌባውን ከውጭ የሚመልሱም አሉ። ይህ ለአገራችን ገበሬ የቀረበ ጉዳይ ስለ ሆነ በአጭሩ ብንጠቅሰው መልካም ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 እጅ ያህሉ አሲዳማ መሆኑን የግብርና ተመራማሪዎች ደጋግመው አስታውቀዋል። አሲዱ ሲበረታ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይፈታና የሥርን ጫፍ ያቆረቁዛል። አሉሚኒየም ከከባድ ብረቶች አይቆጠርም፤ ሥራው ግን ከነርሱ አይለይም። አንዳንድ የስንዴ ዓይነቶች አሉሚኒየም ሲነካቸው በሥራቸው ጫፍ ያለው በር ይከፈትና ማሌት የሚባል ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ይተፋሉ። ማሌቱ አሉሚኒየሙን ከደጅ ያስረዋል። የዚህ በር ጂን በ2004 በስንዴ ተገኝቷል። ገበሬው ኖራ ሲበትን የሚያደርገው እርዳታ፤ ስንዴው በአቅሙ በሥሩ ዙሪያ ለመሥራት የሚሞክረውን ያግዛል።

ገብስና የአስፕሪን ዘመድ

ተክሉ በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን ጥሪ ሰው አስቀድሞ ቢያሰማውስ? ይህን ጥያቄ የጠየቁ ሊቃውንት አሉ።

ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው አስፕሪን የሳሊሲሊክ አሲድ ዘመድ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድን ተክሎች ራሳቸው ይሠሩታል፤ በሽታ ሲገባባቸው ለቀረው አካላቸው የሚያስታውቁበት መልእክተኛ ነው። በ2003 በታተመ ምርምር ተመራማሪዎች የገብስ ችግኝን በካድሚየም ውሃ ቢያሳድጉት በሥሩ ውስጥ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ በራሱ ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል ሆነ። ከዚያም ደረቁን የገብስ ዘር ለ6 ሰዓት ብቻ በሳሊሲሊክ አሲድ ውሃ ነክረው ከዘሩት በኋላ ካድሚየም ሰጡት። የተነከረው ገብስ ካልተነከረው ይልቅ ሥሩም ግንዱም ረዘመ፤ ክብደቱም በለጠ። ከጉዳቱ ፈጽሞ ዳነ ማለት አይደለም፤ በከፊል ተጠበቀ እንጂ። ካድሚየም በሌለበት ግን መነከሩ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው።

ሊቃውንቱ «ምናልባት ሳሊሲሊክ አሲዱ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን የሚያጠፉትን ኢንዛይሞች አበርትቷቸው ይሆናል» ብለው ቢመረምሩ ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። በካድሚየም ብቻ የተነሡት ኢንዛይሞች ሳሊሲሊክ አሲድ ባገኘው ገብስ ውስጥ ጸጥ ብለው ታዩ። ስለዚህ ጥበቃው የመጣው እሳቱን በማጥፋት ሳይሆን በሌላ መንገድ ነው ብለው ፈረዱ።

እኛን የሳበን ስድስቱ ሰዓት ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ገብሱ የጠቀመው መልእክቱ ከመርዙ ቀድሞ ስለ ደረሰው ነው። ነገር ግን አንባቢያችን ይህን ሰምቶ አስፕሪን በዘሩ ላይ እንዳይበትን እናስጠነቅቃለን። ሙከራው በውሃ ውስጥ በሚያድግ ችግኝ ላይ የተደረገ ነው። ማሳ ደግሞ ብርጭቆ አይደለም።

መልእክተኛ ሁሉ ወዳጅ አይደለም

እስካሁን የተናገርነውን ያነበበ ሰው መልእክተኞቹን ሁሉ እንደ ደግ አገልጋይ ይቆጥራቸው ይሆናል። እንዲህ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ብንመለከት ግን ሐሳባችን ይለወጣል። በብዙ ሙከራዎች ይህን ጋዝ የሚሰጥ መድኃኒት የተጨመረላቸው የሩዝ ቅጠሎችና ሌሎች ተክሎች ካድሚየምን ተቋቁመዋል። በ2009 የታተመ ሌላ ምርምር ግን በአራቢዶፕሲስ፣ ሊቃውንት ለሙከራ በሚወዱት በዚያ ትንሽ አረም ላይ፣ ተቃራኒውን አሳየ። ካድሚየም ሲደርስ ተክሉ ራሱ የሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ ብረት የሚያስገቡትን በሮች የሚያበዙ ጂኖችን ቀሰቀሰ፤ በእነዚያ በሮችም ካድሚየም አብሮ እየገባ በሥሩ ውስጥ ተከማቸ።

ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም። ካድሚየም በተክሉ ውስጥ የብረት እጦት ያመጣል። ተክሉ «ብረት አነሰን» የሚል ወሬ ሲሰማ በሩን ይከፍታል፤ በሩ ሲከፈት ሌባው ይበዛል። ወሬው እውነት ነው፤ መልእክተኛውም ታማኝ ነው፤ ግን ጠላት በወሬው ተጠቀመበት። ስለዚህ አንድ መልእክተኛ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። በየት ቦታ፣ በምን መጠን፣ በምን ሰዓት እንደ ተላከ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት ያለን ወጣቶች ይህን ከተክል ብንማረው የሚጎዳን አይመስለንም፤ ትክክለኛ ደብዳቤም በተሳሳተ ሰዓት ሲደርስ የሚያመጣውን እናውቃለንና።

ተክሉ ሲድን በላተኛውስ?

አሁን ቀደም ብለን በልብ እንዲያዝ ወደ ለመንነው ነገር እንመለስ። ተክሉ መርዙን በጎተራው ይዘጋበታል እንጂ አያጠፋውም ብለናል። ጎተራው በሥር ውስጥ ከሆነ፤ ሥሩንም ካልበላነው፤ እሰየው። ጎተራው በቅጠል ወይም ፍሬው በደረሰበት ከሆነ ግን ወህኒ ቤቱን ከነእስረኛው በላነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሰውን ለመጉዳት የሚበቃ ካድሚየም የያዘ ተክል አንዳንድ ጊዜ ቅጠሉ እንኳ ቢጫ ሳይሆን ያድጋል። ይህ ካድሚየም ደግሞ በዐይን አይታይም፤ በምላስም አይቀመስም።

የዚህን ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የከፈሉት በጃፓን አገር በቶያማ ግዛት በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ከወንዙ በላይ ካለው ከካሚዮካ የማዕድን ቦታ የሚወጣው ካድሚየም ከውሃው ጋር እየወረደ ወደ ሩዝ ማሳቸው ይገባ ነበር። ሩዙን ለብዙ ዓመት ሲበሉ የኖሩ ሰዎች፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸው እየሳሳ በሳል ብቻ የሚሰበር ሆነ። ሕመምተኞቹ «ኢታይ፣ ኢታይ» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። በሽታውም ስሙን ከጩኸታቸው ወሰደ። በአካባቢው ሐኪም የነበሩት ኖቦሩ ሃጊኖ በ1961 ከሌላ ተመራማሪ ጋር ሆነው ምክንያቱ ካድሚየም ነው ብለው አስታወቁ። የጃፓን መንግሥት ይህንን በይፋ ያረጋገጠው በ1968 ነው። በ1971 ፍርድ ቤት ለተጎጂዎቹ ፈረደላቸው። በሸለቆው የተበከለውን የእርሻ አፈር የመተካቱ ሥራ ግን እስከ 2012 ድረስ ቆየ።

እኛ በመስኮት የደፋነውን መዳብ ያ አትክልተኛ አባት አፈሩን በአካፋ አውጥተው ሌላ አፈር ሞሉበትና በአንድ ቀን ጨረሱት። የጂንዙ አፈር ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። የሰው አካል ደግሞ ከአፈርም ይብሳል። አንድ ጊዜ ከኩላሊት የገባ ካድሚየም ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ድረስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል።

የሩዙ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ2010 የጃፓን ሊቃውንት ካድሚየምን በሩዝ ሥር ጎተራ ውስጥ የሚዘጋበትን ጂን አገኙ። ይህ ጂን በደኅና የሚሠራበት ሩዝ መርዙን በሥሩ አስቀርቶ ፍሬውን ያድናል፤ ጂኑ የተበላሸበት ሩዝ ግን ካድሚየሙን ወደ ላይ ይልከዋል። በ2012 ደግሞ ኮሺሂካሪ የተባለውን ስመ ጥር ሩዝ ዘር በካርቦን ጨረር መትተው ከተገኙት ልዩ ልዩ ችግኞች መካከል ካድሚየም ወደ ፍሬው እጅግ ጥቂት ብቻ የሚደርስባቸውን መረጡ። ሲመረምሩትም የተለወጠው ያ ማንጋኒዝ የሚያስገባው የሥር በር ነበር። ሌባው በዘመድ ልብስ የሚገባበት በር በመጨረሻ ታወቀ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ በ1 ኪሎ የተፈተገ ሩዝ ውስጥ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም እንዳይገኝ ተወስኗል።

ነገሩ የጃፓን ብቻ ነው ብለን እንዳንዝናና፤ አዲስ አበባ ተቀምጠን ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የምንበላ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለብን። ከነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች ብዙው የሚበቅለው የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ ውሃ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ተመራማሪዎች እነዚህን ቅጠሎች መርምረው እንደ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን አግኝተውባቸዋል፤ ከተፈቀደው ልክ አልፈው የተገኙበትም ጊዜ አለ። ቅጠላ ቅጠል ካድሚየምን ከእህል ፍሬ ይልቅ አብዝቶ ይሰበስባል። እናቶቻችን ጎመኑን ደጋግመው ያጥባሉ፤ መልካም ልማድ ነው፤ ማጠብ ግን በላዩ ያለውን አፈርና አቧራ እንጂ በሕዋሱ ጎተራ የተዘጋበትን አያወጣም።

እንግዲህ ጥፋቱን በጎመኑም በጎመን አብቃዩም ላይ አናድርግ። ጎመኑ ጥሪውን ሰምቶ፣ ሰንሰለቱን ቀጥሎ፣ እስረኛውን ዘግቶ የሚችለውን ሁሉ ሠርቷል። አብቃዩም ባገኘው ውሃ ልጆቹን ያሳድጋል። ሥራው የቀረው በላይ በኩል፣ መርዙ ከወንዝ በሚገባበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ነገ የምንቀመጠው እኛ ነን። ለፋብሪካ ፈቃድ የሚፈርመው፣ የፍሳሹን ናሙና የሚወስደው፣ የላቦራቶሪውን ውጤት በመዝገብ የሚያሰፍረው ወጣት ሹም ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል አንዱ ሊሆን ይችላል። ተክል አቤቱታ አይጽፍም፤ ማመልከቻውም ቴምብር አይለጠፍበትም። ያለው አቤቱታ ቢጫ ቅጠል ነው፤ ካድሚየም ሲሆን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ያም አይገኝም። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሹም ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ ይመስላል። አፈሩንና ውሃውን አስቀድሞ ማስለካት ይገባዋል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚያ በተማርንበት ግቢ ስናልፍ ወደ መስኮቱ ሄደን ነበር። በአዲሱ አፈር ላይ አበባ ተተክሎበታል። ገንዳው ተጠግኖ እንደ ሆነ ለማየት ወደ ውስጥ ገባን፤ ተጠግኗል። ከአጠገቡም ባለ ክዳን ጀሪካን ቆሞ፣ በላዩ በእጅ ጽሕፈት «ሰማያዊው ውሃ እዚህ ይጠራቀም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ማን እንደ ጻፈው ጠየቅን። አትክልተኛው አባት ለአንድ ተማሪ ነግረው አስጽፈውት ኖሯል።